አራቱ እናት አንጮቴዎች

ይህን ነገር ለሰው ሳወራ ብዙዎች መሃል ላይ ያቋርጡኝና «ይኼ ሁሉ ለአንጮቴ ነው እንዴ?» ይሉኛል። አዎ፣ ለአንጮቴ ነው። ከመንግሥት ሥራ ያስወጣኝ፣ እናቴ ዐይኔን ማየት እንድትጠላ ያደረጋት፣ እስከ ዛሬም መስቀል በመጣ ቁጥር ውስጤን የሚያንገበግበኝ አንጮቴ ነው። መሳቅ የፈለገ አሁኑኑ ይሳቅና ይጨርስ፤ እኔ ልቀጥል።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከመቱ ብዙ በማይርቅ አንድ ወረዳ፣ ስሙን አልጠራም፣ የንግድ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነበርኩ። በዚያ ሁሉ የኢሉባቦር ጭቃ ውስጥ በየጠዋቱ ጫማ የሚያስጠርግ ሰው አስቡ፤ እሱ እኔ ነኝ። ዲግሪዬን በፍሬም አድርጌ የተከራየሁት ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ነበር። አባቴ የሞተው ልጅ ሳለሁ ነው፤ ያሳደገችኝ እናቴ ነች፣ ኖፓ አካባቢ። በኋላ እሷ መቱ ለብቻዋ ወደምትኖረው እህቴ ዘንድ ገባች፣ እኔ ደግሞ እዚያው ወረዳችን ውስጥ፣ ከኖፓ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሥራ ይዤ ቀረሁ።

አንጮቴን ለማታውቁት፣ እንደ ድንች ከመሬት ሥር የሚቆፈር፣ ሐረጉ አጥር ላይ የሚወጣ የጓሮ ተክል ነው። እኛ አገር ለመስቀል ይበላል፤ አራስ ትበላዋለች፤ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ይበላዋል። ከዚያ ውጪ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። ሆቴል ገብታችሁ «አንጮቴ አለ?» ብትሉ አስተናጋጁ ይስቅባችኋል። ቡናው የወንዱ ነው፣ በቆሎው የቤቱ ነው፣ አንጮቴው ደግሞ የሴቷ ነው። ወንድ ልጅ ጓሮ ገብቶ አንጮቴ ሲቆፍር ቢታይ መቀለጃ ይሆናል።

በኋላ ከወደ ከተማ ነጋዴ መምጣት ጀመረ። ለአጥንት ፍቱን ነው ተብሎ፣ ተፈጭቶ፣ ታሽጎ ይሸጣል አሉ። ነጋዴው ደላላ ላከ። ደላሎቹ በነሐሴ፣ ሐረጉ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ጓሮ ለጓሮ እየዞሩ መሬት ውስጥ ያለውን በዐይን ግምት መግዛት ያዙ። ሴቶቹ ያላዩትን ሸጡ። በመስከረም ሲቆፈር የሚወጣው ሌላ፣ የተከፈላቸው ሌላ። ቢሯችን ድረስ መጥተው ያለቀሱ ነበሩ። በዚህ ጊዜ መመሪያ ይውጣ ተባለ፤ አርቃቂው ደግሞ እኔ ሆንኩ።

በቅን ልብ ነው የጻፍኩት፤ ይህን እመኑልኝ። አንጮቴ መሬት ውስጥ እያለ መሸጥ ተከለከለ። ሽያጭ በገበያ ማዕከል፣ በሚዛን ብቻ ሆነ። ሻጭ የአምራች ካርድ ይኖረዋል፤ ካርድ የሌለው አንጮቴ ከወረዳው ኬላ አያልፍም። ደላሎቹ ጭነታቸውን «ለዘር ነው» እያሉ ሲያሳልፉ ስለደረስኩባቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ «ለዘር ነው የሚል ምክንያት ተቀባይነት የለውም።» ኃላፊያችን ይቺን ሲያነብ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም ደስ አለኝ።

ካርዱን ለማን እንስጥ ሲባል የቀበሌዎቹን የግብር መዝገብ አስመጥቼ ስም ገለበጥኩ። መዝገቡ ላይ ያለው የባልየው ስም ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ የወንዶች ስም ስጽፍ ከረምኩ። በአንጮቴ ያደግኩ ሰው፣ እናቴ ስትቆፍር ጎኗ ቁጭ ብዬ አፈር ሳራግፍ የኖርኩ ሰው፣ አንዴ እንኳ እጄ አልቆመም።

የገበያ ማዕከሉ ሊመረቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ቁጥጥሩን ለማየት ኬላው ላይ ዋልኩ። ኬላ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በሁለት እንጨት መሃል የተወጠረች ገመድ ነች። ዝናቡ ያካፋል። ረፋድ ላይ ከኖፓ በኩል አንድ ሚኒባስ መጣ። ሚሊሻው ገብቶ ቆየና በመስኮት ብቅ ብሎ «አንዲት እናት አስቸግረውኛልና ና እስቲ» አለኝ።

ገባሁ። የኋላ ወንበር ላይ ዘንቢል ታቅፈው የተቀመጡት አዴ ዲንቂቱ ናቸው። አዴ በኦሮምኛ እንደ «እትዬ» ነው፤ አዴ ዲንቂቱ ማለት ኖፓ እያለን በአጥር ብቻ የምንለያይ ጎረቤታችን ናቸው። ልጅ ሆኜ ቤታቸው የምገባው ሳላንኳኳ ነበር።

«ገመቹ ነህ? ተመስገን፣ የራሴን ሰው አገኘሁ» አሉና ፊታቸው በራ።

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «ዘንቢሉ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አልኳቸው። ሰላም እንኳ አላልኳቸውም።

ከፍተው አሳዩኝ። አራት አንጮቴ ነው፤ እያንዳንዱ የሕፃን ጭንቅላት ያክላል፤ ቅርፊቱ ሻካራ ነው። አፈሩ ሳይራገፍ በኮባ ቅጠል በየራሱ ተጠቅልሏል። እናት አንጮቴ ነው። ሌላው በየዓመቱ ሲቆፈር እሱ መሬት ውስጥ ይተዋል፤ በየክረምቱ አዲስ ሐረግ ያወጣል፣ ያፈራል፣ ዘሩ የሚለቀመው ከእሱ ነው። እናት አንጮቴ አይሸጥም። ገና ሳየው አውቄዋለሁ፤ አላወቅኩም ብል ውሸቴን ነው።

«ተሲሳ ጓሮውን በካርዱ ለነጋዴ ሰጥቶታል» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ባላቸውን ኦቦ ተሲሳን ማለታቸው ነው፤ ኦቦ እንደ «አቶ» ነው። «ቅዳሜ መጥተው ይቆፍሩና ማዕከላችሁ ወስደው ይመዝኑታል። ሌላውን ይውሰዱት። ቆፋሪዎቹ ግን እናቱን ከልጁ አይለዩልኝም። ስለዚህ ቀድሜ አወጣኋቸው። መቱ ልጄ ጋ ወስጄ ልቅበራቸው ነው።»

«ፍሬው አይበቃም? ከፍሬው ዘር አይያዝም?»

«ፍሬው ገና እንጭጭ ነው። ይኼን አንተ ታጣዋለህ?»

«ካርድ አለዎት?»

«ካርዱ የተሲሳ ነው። ተሲሳ አንጮቴ በየት በኩል እንደሚበቅል ያውቃል እንዴ?»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። የሳቁት በኦቦ ተሲሳ ነበር፤ ለእኔ ግን በእኔ የሳቁ መሰለኝ። በዚያ ላይ ከፊት ወንበር አንዱ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ደላላ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አልፎ ነበር፤ ወይ ደግሞ ዘመድ» አለ። ይቺ ቃል ገደል ከተተችኝ። ለዘመድ የማላዳላ መሆኔን ለዚያ የማላውቀው ማጅራት ማሳየት ፈለግኩ።

«እናቴ፣ መመሪያው ለሁሉም እኩል ነው» አልኩ። በሕይወቴ አዴ ዲንቂቱ ከማለት ሌላ ጠርቻቸው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን «እናቴ» አልኳቸው፣ ቢሮ ለሚመጣ ለማይታወቅ ሰው እንደሚባለው። «ለዘር ነው የሚል ምክንያት ተቀባይነት የለውም።»

ይታገሉኛል ብዬ ነበር። ዘንቢሉን ከጭናቸው አንስተው ሰጡኝ። «አፈሩን እንዳያራግፉት» አሉ። «እርጥብ ቦታ አስቀምጥልኝ። የእናቴ ዘር ነው፤ ስዳር ከቤቷ ይዤው የመጣሁት።»

ያኔ ትንሽ ደነገጥኩ። ከመኪናው አስወርጃቸው፣ ለብቻቸው፣ ከቀበሌ የባለቤታቸውን ፈቃድ አጽፈው ነገ ከሰዓት ቢያመጡልኝ ራሴ እንደማስረክባቸው ነገርኳቸው። ከልቤ ነው የነገርኳቸው። ሚኒባሱ ጥሏቸው ሄደ፤ እሳቸውም ነጠላቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጣል አድርገው በመጡበት መንገድ ተመለሱ።

ዘንቢሉን ወስጄ ለንብረት ክፍል አስረከብኩ። ቅጹ ላይ «የዕቃው ዓይነት» የሚል ቦታ አለ። «የዘር አንጮቴ» ልል እስክሪብቶ አነሳሁ፤ ግን ዘር የሚባል ነገር የለም ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ነገ ቅጹን የሚያይ ሰው ምን ይለኛል? «የተወረሰ አንጮቴ፣ አራት» ብዬ ፈረምኩና ሄድኩ።

ዓርብ የምረቃው ቀን ነው። ድንኳን ተተከለ፣ ባነር ተሰቀለ፣ እንግዶች በመኪና መጡ። ኃላፊያችን የእኔን መመሪያ አንቀጽ በአንቀጽ አነበበ። «አርሶ አደሩን ከብዝበዛ የሚታደግ» ሲል ድንኳኑ በሙሉ አጨበጨበ። ድንኳኑ ውስጥ አንጮቴ ተክላ የምታውቅ አንዲት ሴት ብትኖር ከጓዳ የመጣችው አብሳይ ብቻ ነበረች።

ምሳ ቀረበ። የወረዳውን ምርት እናስተዋውቅ ተብሎ አንጮቴ በቅቤ ተሠርቷል። ሳህኔን ይዤ ከአንድ ሱፍ ከለበሱ እንግዳ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሳቸው ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ያ ሁሉ የሚወራለት ይኼ ነው? ክር ክር ይላል እኮ» አሉኝ።

እኔም ጎረስኩ። እውነትም ይከረክራል፤ ጥርስ ውስጥ ይገባል። «የአብሳዮቹ ጥፋት ነው፤ አላበሰሉትም» አልኩና ሳቅኩ። ወረዳዬ እንዳይታማ ብዬ ደግሜ ጎረስኩ። ስለ ጥቅሙም አስረዳኋቸው፤ ለአጥንት፣ ለአራስ፣ ለምኑ። ሳህኔን ጨረስኩ።

እጄን ልታጠብ ወደ ጓዳ ዞርኩ። ከምድጃው ጎን ቆሻሻ ተከምሯል። ከላይ የኮባ ቅጠል አለ። አራት ነው። አፈሩ እንደተጣበቀበት ነው።

አብሳይዋን «ይኼ ከየት መጣ?» አልኳት።

«ከገበያ የመጣው አልበቃ ሲለን ንብረት ክፍል ያለውን ጨምሩ ተባልን» አለች። «አንጮቴ ነው ድንጋይ ነው ይኼ? ከንጋት ጀምሮ እሳት ላይ ነው። ያረጀ ነው መሰል።»

ኃላፊያችንን ከእንግዶቹ መሃል ነጥዬ ወሰድኩት። ነገርኩት። ግራ ተጋብቶ አየኝ።

«የተወረሰ ነው ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህም? ከሚበሰብስ ብዬ ነው። ዘር ነው የሚል ቃል የት አለ?»

የትም የለም። እሱ እንግዶቹን ሶር ፏፏቴ ሊያሳይ መኪና ውስጥ ገባ። እኔ አሞኛል ብዬ ቀረሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አዴ ዲንቂቱ መጡ። መኪና አጥተው በእግራቸው ነው የመጡት፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። ቢሮው በር ላይ ቆመው እግራቸውን በሣር ሲጠርጉ በመስኮት አየኋቸው። ከጉያቸው ፌስታል አወጡ፤ ከፌስታሉ ውስጥ ወረቀት አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። አንድም ጠብታ አልነካውም። ማኅተም አለው፤ የኦቦ ተሲሳ አሻራ አለው።

«ያልከኝን አመጣሁ» አሉ። «ለገዛ ዘሬ ባሌን ስለማመጥ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። ግድ የለም። አሁን ስጠኝ፣ መሽቶብኝ መንገድ ላይ እንዳልቀር።»

ተቀመጡ አልኳቸው። አልተቀመጡም። ዙሪያ ጥምጥም ጀመርኩ፤ እንግዳ ነበረ፣ ምረቃ ነበረ፣ እኔ አልነበርኩም።

«ጠፋ?» አሉ።

«ተቀቀለ» አልኩ።

ለጊዜው ያልገባቸው መሰለኝ። ደግሜ ነገርኳቸው።

«አራቱም?»

«አራቱም።»

«ማን በላው?»

«እንግዶች።»

«አንተስ?»

መዋሸት እችል ነበር። ያን ቀን የሠራሁት አንድ ደግ ነገር ቢኖር አለመዋሸቴ ነው፤ እሱም ለማንም አልጠቀመም። «እኔም በልቻለሁ» አልኩ።

ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለውን እጄን ሲያዩ ቆዩና «ለስልሶ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«አልለሰለሰም።»

«አይለሰልስማ። እናቱን እንደ ልጁ አይቀቅሉትም። ከአጥር ወድቀህ ክንድህ የተሰበረ ጊዜ እናትህና እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ነው የቀቀልነው። አንዱን ቆፍሬ ነበር ላንተ።»

ክንዴ መሰበሩን አስታውሳለሁ። አንጮቴ እየተጎረስኩ መሰንበቴንም አስታውሳለሁ። ከማን ጓሮ እንደመጣ ግን ጠይቄ አላውቅም። ያን ሁሉ አንቀጽ የጻፍኩት በዚያው ክንዴ ነው። አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም።

ወረቀቱን ልመልስላቸው ስዘረጋ «ያዘው፤ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉና ወጡ። ባዶ ዘንቢላቸውን ከንብረት ክፍል አምጥቼ ስሮጥ አስፋልቱ ላይ ደረስኩባቸው። ሳይዞሩ ተቀበሉኝ።

በማግሥቱ ነጋዴው ጓሯቸውን አስቆፈረ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ከቤቴ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ቤቴ አንገቴን ደፍቼ ስመላለስ ቆየሁና እሁድ ዕለት መቱ እናቴ ጋ ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። በመስቀል ሰሞን ለእኔ ሁልጊዜ የሚቀርበው አይታወቅም? ያን ቀን ዳቦና ሻይ አቀረበችልኝ።

«አንጮቴ የለም እንዴ፣ እማዬ?» አልኳት። ለማቅለል ነው።

«ካርድ አለህ?» አለችኝ። ቀልድ አልነበረም።

ከዚያ ከአዴ ዲንቂቱ ዘር እሷ ጋ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳት። ከኖፓ ስትወጣ እሳቸው ሰጥተዋት አጥሯ ሥር የቀበረችው እንዳለ ትዝ ብሎኝ ነው። መቆፈሪያዋን ይዛ ወጣች። ልርዳሽ ብላት «አትንካው» አለችኝ። አንዱን አወጣች፤ በኮባ ጠቀለለችው። «በዚያችው በገመድህ በኩል ይዘኸው ሂድ» አለችኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ኬላው ጋ ስንደርስ ቦርሳዬን ወደ ራሴ ሳብኩት። ሚሊሻው ገባ፣ የሴቶቹን ዘንቢል ሁሉ ፈተሸ፣ እኔ ጋ ሲደርስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝና አለፈ። ቦርሳዬን ዞር ብሎም አላየው። ጎኔ የተቀመጠችው ሴት ዘንቢሏን መልሳ እያስተካከለች ነበር።

አዴ ዲንቂቱ ግቢ ስገባ መጀመሪያ ያገኘሁት ኦቦ ተሲሳን ነው። ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው። መሬቱ ከአጥር እስከ አጥር ተገልብጧል፤ የደረቀ ሐረግ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። በደስታ ተቀበሉኝ።

«ና ልጄ፣ ና። መመሪያችሁ ጥሩ ነው፤ እግዜር ይስጣችሁ። በሚዛን ነው የወሰዱት፤ አንድ ፍሬ አላጭበረበሩኝም። ይኼ መሬት እንዲህ ያወጣል ብዬ መች አስቤ አውቃለሁ? አሁን ባሕር ዛፍ ልተክልበት ነው።»

እንግዲህ ፍረዱ፤ መመሪያዬ ሠርቷል። የጻፍኩት ሁሉ እንደጻፍኩት ሆኗል።

አዴ ዲንቂቱ ከቤት ወጡ። ኮባውን ፈትቼ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፣ አገላበጡት፣ አፈሩን አሸተቱት። «የእኔው ነው» አሉ። ለአፍታ ያ የሚኒባሱ ፊታቸው ተመለሰ። ተገላገልኩ አልኩ በልቤ። ከዚያ ዐይናቸው ወደ ጓሮው ሄደ፤ ባላቸው ጎንበስ ቀና እያሉ ይቆፍራሉ። መልሰው ጠቀለሉት።

«የት ልትከለው?» አሉኝ።

«አጥሩ ሥር ጥቂት ቦታ…»

«ጓሮው አሁን የካርዱ ነው፣ ኢልመ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ለልጄ እንኳ እንዳልወስድላት፣ ነገ እዚያም ካርድ ይመጣል፤ እሷም ቤት ወንድ አለ። ለእናትህ መልስላት። እሷ ጋ ወንድ የለም።»

መለስኩላት። እናቴ ምን ተባልክ ብላ አልጠየቀችኝም፤ ጉድጓዱን ሳትደፍነው ነበር የጠበቀችኝ።

ከዚያ በኋላ ካርዱ በሴቶች ስም ይሁን የሚል ማሻሻያ ጻፍኩ። ኃላፊያችን አነበበውና «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የሚመለከተው ክፍል ይየው» አለ። የሚመለከተው ክፍል ለሌላ ክፍል መራው። ሦስቴ አስታወስኩ፤ ከዚያ መልቀቂያ አስገባሁ። አሁን መቱ ውስጥ ፎቶ ኮፒና ኮምፒውተር ጽሕፈት የምሠራበት ጠባብ ሱቅ አለኝ። ማመልከቻ ላጽፍ ብላ የምትመጣን ሴት አላስከፍልም፤ ምክንያቱን አልናገርም። ነጋዴዎቹም ሌላ ፋሽን መጣና አንጮቴውን ተዉት። የገበያ ማዕከሉ ውስጥ ዛሬ ሲሚንቶ ይቀመጣል። ባሕር ዛፉ ግን አድጓል፤ ከመንገድ ይታያል።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ከመካከላችሁ እንደ እኔ ሰው ሊጠቅም ብሎ ወረቀት የሚጽፍ አይጠፋም። ክፉ ሰው ነበርኩ እንድትሉኝ ፈልጌ አይደለም የጻፍኩት፤ ክፉ ብሆን ይቀለኝ ነበር። የማውቀውን ነገር መዝገብ ላይ ስላላገኘሁት የሌለ መሰለኝ፤ ጥፋቴ ይኼ ነው። ደላላው የሴቶቹን ምርት ነበር የሚወስደው። እኔ ጓሮውን ወሰድኩት፤ ያውም በቅንነት።

ያ ወረቀት ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አልፎ አልፎ አወጣውና አነበዋለሁ። «ባለቤቴ አራት አንጮቴ እንዲለቀቅላት ፈቅጃለሁ» ይላል። ማኅተሙ አልደበዘዘም፤ አሻራውም ጥርት ብሎ ይታያል። አንድም የጎደለው ነገር የለም፤ አንጮቴው ብቻ ነው የሌለው።